ቫይረሱ ተመለሰ

«ለኤችአይቪ ፈውስ ተገኘ» የሚል ርዕስ ባየሁ ቁጥር አስቀድሜ የምጠይቀው የተፈወሰው ማን እንደሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለምን ያዳረሰው ዜና የአይጥ ነበር። በፊላደልፊያ የቴምፕል ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ካሜል ካሊሊ ከኔብራስካው ሐኪም ሃዋርድ ጌንደልማን ጋር ሆነው፣ ቫይረሱ ካለባቸው አይጦች ሲሶ ከሚሆኑት ገላ ውስጥ ጨርሰው እንዳጠፉት ጻፉ። «ሲሶ» የምትለዋ ቃል ግን ከዜናው ርዕስ ላይ የለችም።

ጥናቱን አላቃልልም፤ ሐሳቡ ብልህ ነው። የኤችአይቪ ክፋቱ መደበቁ ላይ ነው። ሲዲ4 የሚባለው የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የራሱን ቅጂ ከሰውየው ዘረ-መል ጋር ያጋምዳል። ዕለት በዕለት የሚዋጠው ክኒን መባዛቱን ያግዳል እንጂ እዚያ ተጋምዶ የተኛውን አይነካውም። ሰርዶን ከላይ ቢያጭዱት ሥሩ እንደማይሞት ማለት ነው። ክኒኑን ያቋረጠ ሰው ደም ላይ ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ የሚታየውም ለዚሁ ነው። የካሊሊ ቡድን ክሪስፐር የተባለውን የዘረ-መል መቁረጫ ይዞ ወደ ሥሩ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2014 ላቦራቶሪ ውስጥ ባደጉ የሰው ሕዋሳት ላይ ቫይረሱን ቆርጦ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። አንድ ቦታ ብቻ ቢቆረጥ ቫይረሱ ተለውጦ ሊያመልጥ ስለሚችል ከአንድ በላይ ቦታ ይቆርጡታል። መቁረጫውን ተሸክሞ የሚሄደው ደግሞ በሽታ የማያመጣ ሌላ ቫይረስ ነው፤ በደም ሥር አንዴ ይሰጣል።

ከዚያ ተራው የሰው ሆነ። ካሊሊ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑበት ኤክሲዥን ባዮቴራፒዩቲክስ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ለመጀመሪያው ታካሚ ሕክምናውን ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ ተነገረ፤ ከባድ ጉዳት አላስከተለም። በሐኪም ክትትል ክኒናቸውን ባቆሙት ሦስት ሰዎች ላይ ግን ቫይረሱ ተመለሰ። በአንዱ ላይ ብቻ እስከ 16 ሳምንት ዘገየ።

ለዚህ ውጤት እንደ አይጦቹ የጮኸለት የለም። እኔን ግን ከአይጦቹ ይልቅ ያስተማረኝ ይኸኛው ነው። መቁረጫው ያልደረሰባቸው ሕዋሳት ጥቂት ቢሆኑም እንኳ ቫይረሱን መልሰው ለማስነሳት ይበቃሉ፤ የአይጥን ገላ ማዳረስና የሰውን አንጀት፣ ንፍፊትና አንጎል ማዳረስ ደግሞ አይገናኝም። ያችን የ16 ሳምንት መዘግየትም ተመራማሪዎች በቀላሉ የሚያልፏት አይመስለኝም።

የ«ዳነ» ወሬ ምን እንደሚያስከፍል እኛ አገር ይታወቃል። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ እንኳ እንጦጦ ማርያም ጸበል ወጥተው ክኒናቸውን የተዉ ነበሩ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጣሉም ብለው በአደባባይ መናገር አስፈልጓቸዋል። ዛሬ ወሬው በስልክ ይመጣል፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ፎቶም አብሮት አለ። በአንጻሩ ክኒኑን በአግባቡ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ እንደማያስተላልፍ የተረጋገጠ ነው። ይህን የማያውቅ ስንት ሰው አለ!

ደግሞስ የመቁረጫው ሕክምና ቢሳካ? በክሪስፐር ተሠርቶ ፈቃድ ያገኘው የመጀመሪያው ሕክምና ለሲክል ሴል የደም በሽታ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ታካሚ የተቆረጠለት ዋጋ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ካለባቸው ሰዎች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት የሚኖሩት አፍሪካ ውስጥ ነው። ለእኛው ነጻ ክኒን እንኳ ገንዘቡ የሚመጣው በአብዛኛው ከውጭ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታግድ የብዙዎች ጭንቀት የሚቀጥለው ወር ክኒን ነበር።