የሌንስ ጠባይ ወይስ ዐመል?

አማርኛ “ጠባይ” እና “ዐመል” የሚሉትን ሁለት ቃላት ለይቶ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠባይ አብሮ የተፈጠረ ነው፤ ዐመል ግን በኑሮ፣ በውሎና በጉዳት የሚመጣ ነው፤ ከመሐል የሚያወጣውም እርሱ ነው። ያረጁ ሌንሶችን በሬንጅፋይንደር ካሜራ ላይ እያፈራረቁ የሚያነጻጽሩ የፊልም ወዳጆች ይህን ልዩነት ዘንግተውታል። አንድ ጥቅል ፊልም ያነሣሉ፣ ያሳጥባሉ፤ ከዚያም ሶናር “ነፍስ አለው”፣ ሱማር “ያልማል”፣ ጁፒተር “አይታመንም” የሚል ፍርድ ይሰጣሉ። ፍርዱ የሚሰጠው በፋብሪካው ስም ላይ ነው። በችሎቱ የቆመው ግን ከሰባ ዓመት በላይ የኖረ፣ ስንት ባለቤት የቀያየረ፣ በማን እጅ ስንት ጊዜ እንደ ተፈታ የማይታወቅ አንድ ዕቃ ብቻ ነው።

ነገሩ የሚብሰው በሬንጅፋይንደር ነው። በዚህ ዓይነት ካሜራ አንሺው የሚያየው በሌንሱ ውስጥ ሳይሆን ከበላዩ ባለች መስኮት ነው። ሌንሱ ሲዞር ከኋላው ያለው ቀለበት በካሜራው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ክንድ ይገፋል፤ ክንዷም በመስኮቱ ውስጥ የሚታዩትን ሁለት ምስሎች ታቀራርባለች። ሁለቱ ሲገጥሙ ርቀቱ ተገኘ ይባላል። ክንዷ ብትዋሽ ዐይን አያውቅም፤ ውሸቱ የሚገለጠው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነው። የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እስከ 1.5 ተከፍቶ በአንድ ሜትር ርቀት ያለ ሰው ሲነሣ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከሦስት ተኩል ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ዐይን ላይ አነጣጥሮ ጆሮ ይዞ የተመለሰ ሰው፣ ጥፋቱን በሌንሱ ጠባይ ላይ ከመጣሉ በፊት ስለ ክንዷ መጠየቅ ነበረበት።

ሶናር በእርግጥ ጠባይ አለው። ሉድቪግ ቤርቴለ ለዛይስ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1932 ከኮንታክስ ካሜራ ጋር የወጣው የ1.5 ሶናር ሰባት መስታወቶቹን በሦስት ክፍል አጣብቆ የያዘ ነው፤ አየር የሚነካው በስድስት ገጽ ብቻ ነው። የዛይሱ ስማኩላ ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ስስ ልባስ ገና ባልፈለሰፈበት በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ብልሃት ነበር። ዋጋም አስከፍሏል፤ ቀዳዳው ሲጠብ የፎከሱ ነጥብ ወደ ኋላ ይሸሻል። በ1.5 ልክ እንዲሆን የተስተካከለ ሶናር በ2.8 ሊስት ይችላል፤ በ2.8 የተስተካከለውም በ1.5። ሁለት ሰዎች ሁለት ሶናር ይዘው ቢጣሉ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

የሱማር ነገር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣው ይህ የላይካ ሌንስ የፊት መስታወቱ ለስላሳ በመሆኑ በሸሚዝ ጫፍ በተጠረገ ቁጥር ይጫራል። በዚያ ላይ ከጥርሱ የሚነሣው የግራሶ ትነት በውስጠኛው መስታወት ላይ ጭጋግ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ “ያልማል” የተባለው ሱማር ብዙ ጊዜ ዐይኑ ሞራ የለበሰ ሽማግሌ ነው። ሞራውን ቅኔ ብሎ መጥራት ለሱማርም ለቅኔም ስድብ ነው።

ትልቁ በደል ግን የሚፈጸመው በጁፒተር ላይ ነው። ጁፒተር 3 ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሶቭየት ኅብረት የተሠራ የሶናር ልጅ ነው። የሶቭየት ፋብሪካዎች ሌንሱን ያስማሙበት ልክ ከላይካው ልክ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ይለያል፤ በዞርኪ ላይ በትክክል የሚሠራው ሌንስ ላይካ ላይ ሲገጠም ቅርብ ያለውን ነገር ይስታል። የከፋው ጋብቻው ሆኖ ሳለ የሚወገዘው ባል ነው። በሌንሶቹ መካከል የጥራት ልዩነት መኖሩ አይካድም፤ በካቻቢቴ የከፈታቸውም ብዙ ነው። ሆኖም “ሩሲያ ሠራሽ ነው” የሚለው ፍርድ ከምርመራው ይቀድማል። ስንት ሰው ሞስኮና ኪየቭ ተምሮ በተመለሰበት በዚህ በአፍሪካ ቀንድ፣ ከአባት መሳቢያ የተገኘ ዞርኪ ሳይፈተሽ መጫወቻ የሚሆነው በዚህ ወሬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950 የላይፍ መጽሔቱ ዴቪድ ዳግላስ ደንከን ጃፓን ሳለ በ85 ሚሊ ሜትር ኒኮር የተነሣ ምስል አይቶ ተገረመ፤ ወደ ፋብሪካው ሄዶ ሌንሶቹን መረመረ፤ ላይካው ላይ ገጥሞም ቃኘው ሻለቃ በተከታዩ ዓመት ወደ ዘመተበት የኮሪያ ጦርነት ይዞ ሄደ። የኒኮር ዝና የተነሣው ከዚያ ነው። የደንከን ኒኮሮች ግን ከፋብሪካ የወጡ አዲስ ዕቃዎች ነበሩ። ዛሬ ሻጋታ የበላውን ኒኮር ይዞ የደንከንን ፍርድ የሚደግም ሰው የሰማውን እንጂ ያየውን አይናገርም።

“ውበት በሚዛን አይለካም” የሚሉ አሉ። ይሁን፤ ጭጋጉን የወደደ ይውደደው፤ ነገር ግን ወደድሁ የሚለው በእጁ ያለውን ዕቃ እንጂ ሱማርን አይደለም። ስለ ሱማር የሚናገር ግን በመጀመሪያ በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ በሌንሱ ውስጥ ያብራ፤ ሞራው ወዲያው ይታያል። ቀጥሎ የካሜራውን ጀርባ ከፍቶ ፊልሙ በሚያልፍበት ቦታ ላይ የደበዘዘ መስታወት ያኑር፤ መዝጊያውን ክፍት አድርጎ ይቆልፍና ፎከሱን በመስኮቱ ሳይሆን በዚያ መስታወት ላይ በአጉሊ መነጽር ያስተካክል። ያን ጊዜ ክንዷ ከፍርዱ ትወጣለች። ጥርስ ያላቸውን ሌንሶች የሚቀበሉት የድሮዎቹ ላይካዎች ፊልም የሚጎርሱት ከሥር ስለሆነ ጀርባቸው አይከፈትም። የዞርኪ 4 እና የፌድ 2 ጀርባ ግን ሙሉ በሙሉ ይወልቃል፤ የጀርመኑ ሌንስም በጥርሱ ይገጥማቸዋል። የተናቀው ካሜራ ለዚህ ሥራ የተሻለ ችሎት ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ካሜራው በማቆሚያ ላይ ይቁም፤ ፊልሙ አንድ ጥቅል፣ እጥበቱም አንድ ይሁን፤ ከየዓይነቱም ቢያንስ ሁለት ሌንስ ይቅረብ፤ ከእያንዳንዱ ምስል ሥር የሌንሱ ቁጥርና የቀዳዳው ልክ ይጻፍ።