የኤሌክትሪክ ቢስክሌት ሰንሰለትና የሻጩ ኀላፊነት

አንድ ዕቃ መልካም ወይም ክፉ ተብሎ የሚፈረድበት በመደብር መስኮት ተደርድሮ ሲያብረቀርቅ ሳይሆን፣ ገዢው ወስዶ አንድ በጋና አንድ ክረምት ከሠራበት በኋላ ነው። ይህ ደንብ ለጨርቅም ለምጣድም የሚሠራ ሲሆን፣ ተንቀሳቃሽ ክፍል ባለው መሣሪያ ላይ ግን ይበልጥ ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ የብዙ አስመጪዎች ዐይን በኤሌክትሪክ ወደሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ዞሯል። ከእነዚህም መካከል በዋጋ ዝቅ ያለውና ለማከማቸትም ቦታ የማይፈጀው የኤሌክትሪክ ቢስክሌት ነው።

ይህን ዕቃ ለማሻሻጥ ምላስ ላይ ቶሎ የሚመጣው ቃል «ነዳጅ አይጠጣም፣ ዘይትም አይፈልግም» የሚለው ነው። የፊተኛው እውነት ነው። የኋለኛው ግን ስለ ሞተሩ ሲባል ያስኬድ እንደሆነ እንጂ ስለ ሰንሰለቱ ፈጽሞ ሐሰት ነው። ቢስክሌቱን ሸጦ ስለ ሰንሰለቱ አያያዝ ዝም ያለ ነጋዴ ግማሹን ዕቃ ሸጦ ግማሹን በመጋዘን እንዳስቀረ ይቆጠራል።

ሰንሰለት፣ በሠራተኞች አጠራር ካቴና፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለነጋዴ ከንቱ ዕውቀት አይደለም። ዛሬ በብዙ ቢስክሌት ላይ የሚገኘው ባለ ተሽከርካሪ ቀለበት ሰንሰለት የተገኘው በ1880 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ይሠራ በነበረው በስዊስ ተወላጁ በሐንስ ሬኖልድ ብልሃት ነው። ከዚያ ወዲህ ብረቱ ጠንክሯል፣ ስፋቱም ቀጥኗል፤ መሠረቱ ግን ያው ነው። ከአንዱ መገጣጠሚያ እስከ ተከታዩ 12.7 ሚሊሜትር ወይም ግማሽ ኢንች ይሆናል። በአንድ ሰንሰለት ላይ እንዲህ ያሉ መገጣጠሚያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ይበልጣሉ፤ በእያንዳንዱም ውስጥ አንዲት ቀጭን የብረት ካስማ አለች። ሰንሰለቱ በጥርሳሙ ክብ ላይ በታጠፈና በተቃና ቁጥር ካስማዋ ከአቃፊዋ ጋር ትፋተጋለች። ዘይት የሚያስፈልገው እዚያ ውስጥ ነው። ከውጭ የተረፈው ዘይት ግን አቧራ ይስባል፤ አቧራውም ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ብረትን የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። ብዙ ሰዎች «ሰንሰለቱ ተለጠጠ» ሲሉ ይሰማሉ፤ ነገር ግን ሰንሰለቱ የሚረዝመው ብረቱ ተለጥጦ ሳይሆን ካስማዎቹ ተበልተው በየመገጣጠሚያው ክፍተት ስለሚፈጠር ነው።

በኤሌክትሪክ ቢስክሌት ላይ ነገሩ ይብሳል። ጤናማ ሰው ሳይቸኩል ለረጅም ጊዜ ሲነዳ እግሩ የሚሰጠው ኀይል 100 ዋት ያህል ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንደ ተራ ቢስክሌት ለሚቆጠረው የኤሌክትሪክ ቢስክሌት ደግሞ ያለማቋረጥ እስከ 250 ዋት የሚሰጥ ሞተር ይፈቀዳል፤ ሞተሩም ዳገት ሲወጣ ለጥቂት ጊዜ ከዚህ በላይ ሊሰጥ ይችላል። ሞተሩ በፔዳሉ ዘንግ ላይ የተተከለ እንደሆነ የሰውና የሞተር ኀይል ተደምሮ የሚያልፈው በዚያችው ሰንሰለት ነው። ሞተሩ በኋላ ወይም በፊት እግሩ እምብርት ውስጥ ሲሆን ግን ሰንሰለቱ የሚሸከመው የእግርን ኀይል ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ ከአቧራና ከዝናብ አያመልጥም። በሰንሰለት ፈንታ በላስቲክ ቀበቶ የሚነዱም አሉ፤ እነዚህ ዘይት ሊነካቸው አይገባም። አስመጪው ገና ሲያዝ የሚያመጣው ከእነዚህ የትኛውን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አለበት።

ሰንሰለት ከቢስክሌቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው፤ እርሱ የሚያበላሸው ግን ውድ ነው። የረዘመ ሰንሰለት ከጥርሶቹ ጋር ልክ ስለማይገጥም እየቦረቦረ ይጨርሳቸዋል። ያን ጊዜ አዲስ ሰንሰለት ቢገጠም በተበሉት ጥርሶች ላይ እየዘለለ አልሄድ ይላል፤ ስለዚህ ሰንሰለቱም ጥርሳሞቹ ክቦችም አብረው ይለወጣሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲታሰብ ምን ያህል እንደከበደ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም። ይህ ሁሉ ሲደርስበት ገዢው ራሱን አይወቅስም፤ ሱቁን ይወቅሳል፤ ለጎረቤቱም «የኤሌክትሪክ ቢስክሌት አይረባም» ብሎ ይመሰክራል። አንድ እንዲህ ያለ ምስክር የአሥር ማስታወቂያ ሥራ ያፈርሳል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ መድኀኒቱ ቀላል ነው። ሻጩ ዕቃውን በሚያስረክብበት ቀን የሚከተለውን በገዢው ፊት ሠርቶ ቢያሳይ ከሩብ ሰዓት አይበልጥበትም። በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ይጠፋል፣ ባትሪውም ይወጣል፤ ጣት በሰንሰለቱ አጠገብ ሳለ ሞተሩ ቢነሣ ጉዳቱ ከባድ ነውና። ቀጥሎ ፔዳሉ በእጅ ወደ ኋላ እየተዞረ ሰንሰለቱ በእራፊ ጨርቅ ይወለወላል። ጭቃው የጠነከረ እንደሆነ የሰንሰለት ማጽጃ ፈሳሽ ወይም ጥቂት ነጭ ጋዝ በነካ ብሩሽ ይፈተጋል፤ ይህም ከእሳት ርቆ፣ ነፋሻ በሆነ ስፍራ ይሁን። ከዚያም በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ በእርጥብ ሰንሰለት ላይ ዘይት አይገባምና። ሲደርቅ በየመገጣጠሚያው ላይ አንዳንድ ጠብታ ዘይት ይንጠባጠባል፤ ፔዳሉም ጥቂት ጊዜ ዞሮ ዘይቱ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ጊዜ ይሰጠዋል። በመጨረሻ ከውጭ የቀረው ዘይት ሁሉ ይጠረጋል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን የመጨረሻውን ነው።

መደረግ የሌለበትም በዚያው ይነገር። ከአውቶሞቢል የወጣ የተቃጠለ ዘይት የብረት ብናኝ ስላለበት ሰንሰለቱን ይፈጃል እንጂ አይጠብቀውም። የምግብ ዘይት ሲውል ሲያድር እንደ ሙጫ ይሆናል። ግራሶ ወደ ካስማዋ ሳይገባ በውጭ ተለጥፎ አፈር ይሰበስባል። ቤንዚን ለማጽጃ የሚሆን አይደለም፤ እሳት ይጠራል። በኀይል የሚረጭ የውሃ ጎማ የኩሽኔታውን ቅባት አጥቦ ያወጣል፤ ወደ ሞተሩና ወደ ባትሪው ማያያዣም ውሃ ያስገባል። የፍሬን ሸክላና ዲስክ ላይ ዘይት የደረሰ እንደሆነ ደግሞ ቢስክሌቱ በቁልቁለት አይቆምም፤ ይህ የገንዘብ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው።

ዘይቱም አንድ ዐይነት ብቻ አይደለም። በበጋ አቧራ ለማይስበው ስስ ወይም ሰም ላለበት ቅባት ብልጫ ይሰጣል፤ በክረምት ግን ዝናብ ቶሎ የማያጥበው ወፈር ያለ ዘይት ይሻላል። እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ቢስክሌት በተለመደባቸው ከተሞች ያለ ባለሱቅ ሁለቱንም በመደርደሪያው ቢያኖር ዕቃው የሚያድርበት አይመስልም።

የሰንሰለቱን ዕድሜ ለማወቅም ግምት አያስፈልግም። የአዲስ ሰንሰለት 24 መገጣጠሚያ ርዝመት ልክ 12 ኢንች ነው። ይኸው ርዝመት የኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ ያህል ሲጨምር ሰንሰለቱ የሚለወጥበት ጊዜ ደርሷል፤ የኢንች አንድ ስምንተኛ ሲጨምር ግን ጥርሶቹም አብረው እንደተበሉ ይገመታል። ለዚህ ሥራ የሚሆን ትንሽ መለኪያ በገበያ አለ፤ ዋጋውም ለማንም ጠጋኝ የሚከብድ አይደለም።

አንዳንድ ነጋዴ «ይህ የጠጋኝ ሥራ ነው፤ ስለ እንክብካቤ ብዙ ቢወራ ገዢው ይሸሻል» ሊል ይችላል። ለዕለት ሽያጭ ለሚያስብ ሰው አነጋገሩ ክብደት አለው። ነገር ግን ገዢውን የሚያሸሸው አስቀድሞ የተነገረው ጥቂት ድካም ሳይሆን ሳይነገረው የደረሰበት ኪሣራ ነው። ጠጋኙም ቢሆን መለዋወጫው በገበያ ከሌለ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ በቀር የሚሠራው የለውም። ደግሞም ዘይትና ሰንሰለት ራሳቸው ንግድ ናቸው፤ ቢስክሌት የገዛ ሰው ለብዙ ዓመት ላይመለስ ይችላል፣ ዘይት የገዛ ሰው ግን ይመለሳል።

ስለዚህ አስመጪው ቢስክሌት ሲያዝ ከዚያው ጋር መለዋወጫ ሰንሰለት ይዘዝ። የማርሹ ቁጥር በበዛ መጠን ሰንሰለቱ እየጠበበ ስለሚሄድ ለ8 ማርሽ የተሠራው ለ11 አይሆንም፤ የትዕዛዙ ወረቀት የማርሹን ቁጥር በትክክል ይግለጽ። ከእያንዳንዱ ቢስክሌት ጋር በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ የአያያዝ መመሪያና አንድ ትንሽ ብልቃጥ ዘይት ይሰጥ። ባለሱቁም የሸጠውን ቢስክሌት ከጥቂት ወር በኋላ እንዲያመጡለት ገዢውን ይጋብዝ፣ ሰንሰለቱንም ይለካ። አዲስ ዕቃ በአንድ አገር ገበያ ስሙን የሚያገኘው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። የኤሌክትሪክ ቢስክሌት ስም ገና በመጻፍ ላይ ይገኛል፤ መልካም ሆኖ እንዲጻፍ ደግሞ የሚጠየቀው ዋጋ ጥቂት ጠብታ ዘይትና የሻጩ አንደበት ብቻ ነው።