ፔሬዴ የት ገባ?

የዛሬዋ ጠያቂዬ የ23 ዓመት ወጣት ናት። የሦስት ወሩን መርፌ፣ ዲፖን፣ ሁለት ጊዜ ተወግታ የወር አበባዋ ቀረ። «አርግዤ ይሆን? ጎረቤታችን እትዬ ደግሞ ደሙ ውስጥሽ ተጠራቅሞ በሽታ ይሆንብሻል አሉኝ። ሦስተኛውን ልተወው?» ትላለች።

እህቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ከ12ኛ ክፍል አላለፍኩም። ግን በዚሁ ወሬ ፈርቼ መርፌውን አቋረጥኩና ዓመት ሳይሞላ ሳላስበው አረገዝኩ። (ልጄ ይህን ስጽፍ እስክሪብቶዬን እየቀማችኝ ነው።)

የሚጠራቀም ደም የለም! ሆርሞኑ እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል፤ የማህፀን የውስጥ ሽፋንም ሳይወፍር ስስ እንደሆነ ይቆያል። ታዲያ ምኑ ይፍሰስ? መርፌውን ዓመት ከተጠቀሙት ግማሽ ያህሉ ጭራሽ ፔሬድ አያዩም።

ቀጠሮሽን ካላሳለፍሽ እርግዝና የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። አሳልፈሽ ከሆነ ግን ሽንትሽን ተመርመሪ። ደም በብዛት ከፈሰሰሽ ወይም ሆድሽን ክፉኛ ካመመሽ ጤና ጣቢያ ለመሄድ ነገ አትበይ። በቅርቡ መውለድ ካሰብሽም ለነርሷ ንገሪያት፤ መርፌው ከቆመ በኋላ ለማርገዝ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ስለ ሦስተኛው መርፌ ከእሷ ጋር ተማከሪ፤ ከእትዬ ጋር ቡናውን ብቻ ጠጪ።