ባሕር የሌለው ወደብ

ከቆቦ ተነሥቶ የጀርመንን የወደብ ከተማ ሐምቡርግን ሊጎበኝ የሄደ ተማሪ አስቀድሞ የሚፈልገው ባሕሩን ነው። ባሕሩ ግን ከዚያ የለም። ከተማይቱ ከሰሜን ባሕር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በኤልበ ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ስትሆን፣ ታላላቅ መርከቦች የሚደርሱባት የወንዙ ወለል በየጊዜው እየተቆፈረ ስለሚጠልቅላቸው ነው። የራያ ገበሬ የሆርማትንና የጎሊናን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን እንደሚያጠጣ ሁሉ፣ እነዚያም ወንዛቸውን በጉልበት ገርተውታል።

ከመርከቦቹ ጋራ ፎቶግራፍ መነሣት ደግ ነው፤ ይልቁንም ሊታይ የሚገባው መጋዘኑ ነው። ሽፓይኸርሽታት የሚባለው የቀይ ጡብ መጋዘን ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1888 ተከፍቶ ቡና፣ ሻይና ቅመማ ቅመም ሲያከማች የኖረ ሲሆን፣ በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ቡና የማያበቅል ከተማ በቡና ንግድ ከበረ!

አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የላትም፤ ይህ የሚያስቆጭ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ስለ ባሕር በር ይህን ያህል ስንነጋገር፣ በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ጦርነት ያወከው፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው የባቡር ሐዲድ ነገር ስለ ምን በዚያው መጠን አይነሣም? ወደቡ የእኛም ሆነ የጎረቤት፣ ማዳበሪያው ከመርከብ ወርዶ ቆቦ የሚደርሰው በየብስ ነው። የራያ ክረምት ደግሞ አጭር ነው።