ከማጣሪያው በፊት ሆሄው

በዘርፍ የሚያጣራ ፍለጋ ውጤቱን በሰፈር፣ በዋጋና በዓይነት ይመድባል፤ ከእያንዳንዱ ምርጫ ጎንም ስንት ውጤት እንዳለ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2004 በሲኔት ኩባንያ ተጀምሮ በ2006 ለአፓቺ ፋውንዴሽን የተሰጠው ሶልር የተባለ ክፍት ምንጭ የፍለጋ ሞተር ይህን ቆጠራ አዘጋጅቶ ያቀርባል። ለአማርኛ ሲሠራ ግን መቅደም ያለበት የሆሄ ጥንቃቄ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የኪራይ ቤት ለሚያፈላልግ ድረ ገጽ ማስታወቂያ የሚያስገቡ ሰዎች ለቡ መብራት ኃይልን በ«ኃ»፣ በ«ሃ» ወይም በ«ሀ» ሊጽፉት ይችላሉ፤ ሞተሩም አንዱን ሰፈር ሦስት አድርጎ ይቆጥረዋል። «መብራት ኃይል»ን የመረጠ ተከራይ «መብራት ሀይል» ተብለው የተመዘገቡትን ቤቶች ከነጭራሹ አያያቸውም። ስለዚህ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ከነዘሮቻቸው፣ እንዲሁም በድምፅ አንድ የሆኑት ሀና ሃ፣ አና ኣ መረጃው ወደ ሞተሩ ማውጫ ከመግባቱ በፊት ወደ አንድ ወጥ መለያ ይቀየሩ፤ ለአንባቢ የሚታየው ስም ግን በትክክለኛ ሆሄው ይቀመጥ። የሰፈሩ ስም በቃል ሳይከፋፈል እንደ አንድ ሙሉ እሴት ካልተመዘገበም «ለቡ»፣ «መብራት» እና «ኃይል» ተነጣጥለው ይቆጠራሉ። ዋጋ በቁጥርነት ተመዝግቦ በእርከን ይከፈል። ተጠቃሚው ሁለት ሰፈሮችን አብሮ እንዲመርጥ ደግሞ የሰፈር ማጣሪያው የሰፈሮችን ቆጠራ እንዳይነካ ይደረግ፤ አለዚያ ለቡ ሲመረጥ የጀሞ ቁጥር ዜሮ ይሆናል። የተሳሳተ ቆጠራ ያለውን ቤት የለም ስለሚያሰኝ፣ ሆሄን ማስተካከል የማጣሪያው መሠረት እንጂ ኋላ የሚጨመር ማስዋቢያ አይደለም።