ቮልቴጅና ጅረት አብረው ይለኩ፦ በኤሌክትሪክ ምጣድ ጥናቶች አለካክ ላይ የቀረበ አስተያየት

ቮልቴጅ ለጅረት ሲካፈል ሬዚስታንስን፣ በጅረት ሲባዛ ደግሞ ኃይልን ይሰጣል። የመጀመሪያው ዝምድና ጆርጅ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ሥራ፣ ሙቀትን ከጅረት ካሬና ከሬዚስታንስ ጋር የሚያያይዘው ሕግ ደግሞ ጄምስ ጁል በ1841 ካቀረበው ጥናት የመነጨ ነው። ስሌቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው በመሆኑ በድኅረ ምረቃ ጥናት ውስጥ ማብራሪያ የሚያሻው አይመስልም። የሚያዘናጋውም ይኸው ቀላልነቱ ነው። ማባዛትና ማካፈል የሚሳነው ተመራማሪ የለም፤ ጥያቄው የሚባዙት ቁጥሮች ከየት መጡ የሚለው ነው።

በኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ላይ የሚደረግ ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት ወይም የአገሪቱን መደበኛ 220 ቮልት እንደ ልኬት ወስዶ ፍጆታን ማስላት ሥራን ያቀላል፤ ግን ልኬት አይደለም። በሥራ ላይ ባለ ምጣድ ጫፎች 220 ቮልት፣ በሽቦው ውስጥም 16 አምፔር ተለካ እንበል። ሬዚስታንሱ 13.75 ኦም፣ ኃይሉ 3,520 ዋት ይሆናል። ምሽት ላይ የአካባቢው ጭነት በዝቶ ቮልቴጁ ወደ 190 ቢወርድ፣ ሬዚስታንሱ እምብዛም ስለማይለወጥ ጅረቱ ወደ 13.8 አምፔር ዝቅ ይላል፤ ኃይሉም 2,625 ዋት ገደማ ይሆናል። ቮልቴጁ በ14 በመቶ ያህል ሲቀንስ ኃይሉ በ25 በመቶ ያህል ቀነሰ ማለት ነው፤ ሬዚስታንስ ባለበት ሲጸና ኃይል የቮልቴጅን ካሬ ይከተላልና።

ይህ ልዩነት የጥናትን መደምደሚያ ሊገለብጥ ይችላል። ነባሩ ምጣድ ምሽት በ190 ቮልት፣ ተሻሻለ የተባለው ደግሞ ቀን በ220 ቮልት ተፈተኑ እንበል። የሁለቱም ሬዚስታንስ እኩል፣ ለመጋል የሚሹት ሙቀትም አንድ ዓይነት ቢሆን፣ ወደ አካባቢው የሚባክነው ሙቀት ለጊዜው ቢተው፣ ነባሩ 34 በመቶ ያህል የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ተመራማሪው ለሁለቱም 3,520 ዋትን በጊዜ ካባዛ፣ አዲሱ ምጣድ 25 በመቶ ያህል ፍጆታ የቆጠበ ሆኖ ይወጣል። በእውነቱ የተቆጠበ ነገር የለም፤ የተለወጠው የመስመሩ ቮልቴጅ ብቻ ነው። በዚህ ውጤት ተማምኖ ምጣድ የሚያመርትም ሆነ የሚገዛ ሰው ያላገኘውን ቁጠባ ይጠብቃል።

የት ተለካ የሚለውም ከመቼ ተለካ ያላነሰ ክብደት አለው። ከቆጣሪው እስከ ምጣዱ ያለው ሽቦ በድምሩ 0.5 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው፣ 16 አምፔር ሲያልፍበት 8 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ 128 ዋትም ሽቦውን ያሞቃል። ቮልቴጁ ቆጣሪው አጠገብ ከተለካ ይህ ብክነት በምጣዱ ስም ይመዘገባል።

ዕቃው ጠፍቶ ሳለ ሬዚስታንሱን በኦም ሜትር ለክቶ ኃይልን ማስላት እንደ አቋራጭ ሊታይ ይችላል። ለናይክሮም ሽቦ ሬዚስታንሱ በሙቀት የሚለወጠው በጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ ስሕተቱ አይከፋም። በ220 ቮልት የሚሠራ ባለ 60 ዋት የተንግስተን አምፖል ግን ሲበራ 807 ኦም ገደማ ሲኖረው፣ ሲቀዘቅዝ ከዚህ አንድ አሥረኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሞተር ባለባቸው ዕቃዎች ደግሞ የቮልቴጅና የጅረት ብዜት ፓወር ፋክተር ካልታከለበት እውነተኛውን ኃይል አይሰጥም። ለምጣድ የሠራ ዘዴ ለማቀዝቀዣ እንደማይሠራ ጥናቱ በግልጽ ሊናገር ይገባል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የእርግጠኝነት መጠን ነው። ቮልቴጅ በ1 በመቶ፣ ጅረት በ2 በመቶ ሊዛነፍ የሚችል ከሆነና ስሕተቶቹ የማይያያዙ ከሆነ፣ የኃይሉ መዛነፍ 2.2 በመቶ ገደማ፣ ማለትም በ3,520 ዋት ላይ 79 ዋት ያህል ነው። እንዲህ ባለ መሣሪያ የተገኘን ውጤት እስከ ሁለት አሥርዮሽ ቤት መጻፍ የሌለ ጥራትን ማስመሰል ይሆናል።

መደበኛው ቁጥር ጨርሶ አይረባም ማለት አይደለም። የሽቦ ውፍረትና ብሬከር ለመምረጥ ተገቢው መነሻ እርሱ ነው። ነገር ግን የንድፍ ቁጥር የፍተሻ ውጤትን አይተካም። የመሣሪያ እጥረትም በቂ ምክንያት አይሆንም፤ አንድ መልቲሜትርና አንድ ክላምፕ ሜትር፣ በየአምስት ደቂቃው የሚሞላ ሠንጠረዥና በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ችግር ያስወግዳሉ። ኃይልን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ ቢገኝ እንኳ ቮልቴጁ አብሮ መመዝገብ አለበት፤ ያለዚያ ሁለት ፍተሻዎች በእኩል ሁኔታ መካሄዳቸው አይታወቅም።

ስለዚህ አማካሪዎችና ፈታኞች ከኃይል ቁጥር በፊት ሦስት ነገሮችን ቢጠይቁ ይበጃል፦ ቮልቴጅና ጅረት በአንድ ጊዜ ተለክተዋልን? የተለኩት በዕቃው ጫፎች ላይ ነውን? መዛነፋቸውስ ስንት ነው? እነዚህን የማይመልስ ጽሑፍ ስሌቱ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ስለ ምጣዱ የነገረን ነገር ጥቂት ነው።