ለተከራይም የዕቃ ማጓጓዣ አለው

አሜሪካ ያሉ ልጆቻችሁ የተከራዩት ቤት ለመንገድ ሥራ ሊፈርስ መሆኑን ሲነግሯችሁ «ቶሎ ውጡ» ብላችሁ አታጣድፏቸው። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ባለበት ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሕግ ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን በሕጋዊ መንገድ ለሚኖረው ተከራይም የዕቃ ማጓጓዣ ወጪ እንዲከፈል ያዛል።

ክፍያ እንደሚገባቸው የሚገልጽ ደብዳቤ ሳይደርሳቸው ከወጡ ግን ገንዘቡ ሊቀርባቸው ይችላል። ለመልቀቅም ቢያንስ የ90 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸዋል።

ክፍያው ወይ በደረሰኝ የተረጋገጠ ተገቢ ወጪ፣ ወይም በክፍሎች ብዛት የተተመነ ቁርጥ ገንዘብ ነው። ደረሰኝ ይያዙ፤ ጥያቄያቸውንም ከለቀቁ በ18 ወር ውስጥ ያቅርቡ። ክፍያው ካነሰባቸው ይግባኝ ማለት ይችላሉ።

እናንተም ስትደውሉ መጀመሪያ «ደብዳቤው ደረሳችሁ ወይ?» በሏቸው።